ሦስት ሽልንግ ውኃ

ሰው ትዝታውን የሚጽፈው ናፍቆት ሲያንገላታው ነው ይባላል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ንዴት ነው። ያውም አርጅቶ ደርቋል ብዬ የተውኩት ንዴት፣ በቅርቡ አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ በገዛ ሆቴሌ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ የቆሰቆሰችው። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ስሟ ሜሮን ነው፤ ሥራዋ የከዋክብት ጥናት ነው። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ጀርባዋ ላይ ከራሷ የሚከብድ ሻንጣ አዝላ ከአውቶቡስ ስትወርድ አንጀቴን በላችውና እጇን ይዤ አስገባኋት። ሻይ ቀርቦላት አንድ ሁለቴ ፉት አለችና “እማማ፣ ወደ ተራራው ነው የምሄደው፤ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ እየፈለግን ነው” አለችኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ጨመረችበት፦ “ድሮ አንድ ፕሮፌሰር በዝናብ ለክቶት፣ አየሩ እርጥብ ነው ብሎ ጥሎታል። በበጋ ግን ማንም ለክቶት አያውቅም።”

ማንም! የያዝኩትን ሰሃን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አየሩ እርጥብ ነው! የሞያሌ አየር! ከብቱ በጥም ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ወደ ሰማይ አንጋጦ ሲለምን የኖረበት አገር እርጥብ ነው ተብሎ በመጽሐፍ ተጽፎ ይኖራል፤ ይሄም ይሁን። “ማንም ለክቶት አያውቅም” ሲባል ግን ባሌ ማንም አይደለም። እንጀራውን የከፈለበትን፣ ስሙን ያጣበትን ነገር አልነበረም ሊሉኝ ነው። ልጅቷ ፊቴን አይታ “ምን አጠፋሁ?” አለች። “አንቺ ምንም፤ ሻይሽን ጠጪ” ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳም ገብቼ አልበረደልኝም።

ያኔ አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ከደቡብ የሚመጣው ሎሪ ስኳር፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዞ ይገባል፤ ሲመለስ ከብት ጭኖ ይወጣል፤ ሲገባም ሲወጣም ሰው ከላዩ ላይ ይሳፈራል። የሚወርደው መንገደኛ ከቅንድቡ እስከ ጫማው አንድ ዓይነት ቀይ ነው። ለዚህ ብዬ በሬ ላይ በርሜል ውኃና ጣሳ አስቀምጥ ነበር፤ ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅማ። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ በዘይት ከተጠበሰ ማንዳዚ ጋር አንድ ሽልንግ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን ይጠርጉታል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ በአበሻ ቀሚሳችን ላይ ሌሶ የሚሉትን ባለ አበባ ጨርቅ ጣል አድርገን እንወጣለን፤ ወዲህም ወዲያም ያምርብን ነበር። ጉምሩኩ ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል፤ የስዋሂሊ ጊታር ሲጀምር የስፌት መኪናው እግር በዘፈኑ ምት ይሄዳል፤ ሾፌሮቹ ሞተር አጥፍተው ይሰሙታል። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የኪራይ ሞተሮች ተሰልፈው ጥሩንባ እየነፉ አሮጊት ያስደነግጣሉ። ልብስ ሰፊውን የማስታውሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባሌ ተክሌ የሚሠራው ሚፉጎ ነበር፤ የመንግሥቱን የከብት ቢሮ እዚህ በስዋሂሊ እንዲያ ነው የምንለው። አባቱ ከላይ አገር ለንግድ መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ ተክሌ ግን የተወለደው ከድንበሩ በዚህኛው፣ በሽልንጉ በኩል ነው፤ የተማረውም እዚሁ ነው። ላምን ያለ ኮርማ ማስረገዝ ነበር ሙያው። ከብት አርቢዎቹ “ዳክታሪ”፣ ሐኪም፣ እያሉ ይጠሩታል፤ እሱ ደግሞ “ዳክታሪው ኮርማው ነው፤ እኔ ሾፌሩ ነኝ” ይላል። በሞተር ብስክሌት ነው የሚዞረው፤ ከኋላው እንደ እንስራ ሆዱ የሰፋ፣ አንገቱ የጠበበ የብረት ዕቃ ይታሰራል። ውስጡ የፈረንጅ ኮርማ ዘር በቀጫጭን ቱቦ ታሽጎ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተነክሮ ይቀመጣል። ናይትሮጅን ይሄ የምንተነፍሰው አየር ነው፤ እጅግ ሲበዛ ከቀዘቀዘ እንደ ውኃ ይፈሳል። ክዳኑ ሲነሳ ነጭ ጭስ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ጣቱን የነከረ ሰው ጣቱን ትቶ ነው የሚሄደው። ክፋቱ ቢከድኑትም በየቀኑ ይተናል። ስለዚህ ከደቡብ በሎሪ እየመጣ ይሞላል። ሎሪው ከቀረ ዘሩ ይበላሻል፤ ተክሌ “ኮርማዎቼ ይሞታሉ” ነበር የሚለው፤ እንደ እውነተኛ ኮርማ ነበር የሚያዝንላቸው።

በዚያን ጊዜ የልብ ወዳጁ ኦቦ ጋልገሎ የሚባል የኦዳ መንደር ቦረና፣ ከብት አርቢ ነበር። በየሳምንቱ እኛ ቤት መጥቶ ሻይ ይጠጣል፤ ስኳር ይወዳል፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ካልቆመለት ሻይ አይለውም። አንዲት ቀይ ላም ነበረችው፤ ስለ እሷ ሲያወራ ስለ ሚስቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። “በቦርሳ የሚመጣ ኮርማ አላስነካትም” ሲል ከርሞ ተክሌ ተከራክሮ ተከራክሮ እሺ አሰኘው። ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ እስኪደርስ ይጠብቁ ነበር።

ፕሮፌሰሩ የመጣው ይሄኔ ነው፤ ገንና ላይ። ገንና ቦረናዎች ትልቁን ዝናብ የሚሉት ነው። ስሙንም አገሩንም አልጠራም፤ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኗል ይባላል። ረጅም ነው፤ ቁምጣ ይለብሳል፤ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ይስባል፤ ሳጥኖቹን ሰው ሲነካበት ይጮኻል። ወደ ተራራው ሊወጣ መሆኑን ሲሰማ ያልመከረው የለም። ተክሌ ነገረው፤ ጋልገሎ በተክሌ አፍ ነገረው፤ ጫማ ጠራጊው ሳይቀር ነገረው፤ “ጌታዬ፣ ዝናብ ነው፤ ቦና ሲገባ ይምጡ።” ቦና ደረቁ ወቅት ነው። ሰውየው ሳቅ ብሎ “በምድር ወገብ አካባቢ ወቅቶች የሉም፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው” አለን። እኛ የምንኖርበትን! ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ እንደገባን እሱ የሚመቸው የዩኒቨርሲቲው ዕረፍት ያኔ ስለነበር ነው።

እንዲያም ሆኖ ነገሩን ማስረዳት ይችልበታል፤ አልዋሽበትም። ዝናቡ ከተራራው ባወረደው ቁጥር እዚህ እየመጣ ይቀመጥና ለተክሌ ያወራል፤ ተክሌ ለእኛ ይተረጉማል። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ብርሃናቸው ወደ እኛ ሲመጣ ሰማዩ ራሱ እየተለጠጠ ነውና ብርሃኑም አብሮ ይለጠጣል። ከመለጠጡ የተነሳ ከቀይ አልፎ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ይሆናል። ይሄን ብርሃን ደግሞ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ጥርግ አድርጎ ይጠጣዋል። ስለዚህ ትልልቆቹን ቴሌስኮፖች የሚተክሉት ረጅምና ደረቅ ተራራ ላይ ነው፤ በቴሌስኮፑም ጀርባ ስፔክትሮግራፍ የሚባል መሣሪያ ይታሰራል፤ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ በመካከሉ ያሉትን መስመሮች ያነባል። ተክሌን ያሳበደው ይሄ መስመር ነው። “የሺ” አለኝ አንድ ቀን፤ “እኮ የከብት ምልክት ማለት ነው! እያንዳንዱ ነገር የራሱ ምልክት አለው። አንገት ላይ መሆን የሚገባው ምልክት ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ከተገኘ ላሟ ምን ያህል ከሩቅ እንደመጣች ታውቂያለሽ።” ፕሮፌሰሩ ይሄን ሲተረጎምለት ጠረጴዛውን መትቶ ሳቀ፤ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ አለ። ነግሮም ይሆናል፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገረም።

እሱ ይዞ የመጣው ትልቁን አይደለም፤ ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ስፔክትሮግራፍ ነው። ፀሐይ ላይ ይደግነዋል፤ እንፋሎት የሚጠጣውን ብርሃንና የማይጠጣውን አስተያይቶ በሰማዩ ውስጥ ስንት ውኃ እንዳለ ያወጣል። ከተማው አልማረውም፤ “የኮከብ ሰው ነኝ ብሎ ቀን ፀሐይ ያያል” እያለ ተሳለቀበት። የመሣሪያው ዓይን ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ አያይም፤ የራሱ ሙቀት ያውረዋል። ለዚህ አንድ ትልቅ ዕቃ ናይትሮጅን ይዞ መጥቶ ነበር። ሥራውንም በሳንቲም ነበር የሚያሳየን። “ከራሳችሁ በላይ ያለው እንፋሎት በሙሉ ውኃ ሆኖ መሬት ላይ ቢተኛ ይሄን ያህል ይወፍራል” እያለ ሽልንግ በሽልንግ ላይ ይደረድራል። ዝናብ ባባራባቸው ቀናት ለክቶ ሲመጣ ቁልሉ የሻይ ብርጭቆዬን ወገብ ያልፍ ነበር። “አይሆንም” ይላል ራሱን እየነቀነቀ። ጋልገሎ አይቶ “በዝናብ መጥቶ ውኃ በዛ ይላል እንዴ?” ብሎ ሳቀ፤ ተክሌ ይሄኛውን አልተረጎመም።

ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ድንገት ነው የሚቆመው፤ ነፋሱ ዞሮ ከንፈር የሚሰነጥቀው ደረቅ አየር ገባ። ሰማዩ ጠራ። ፕሮፌሰሩም በዚያው ዕለት ከተራራው ወርዶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሲጠብቅ በከረመባቸው የዝናብ ሳምንታት ናይትሮጅኑ ተንኖ አልቋል። አውሮፕላኑ የሚነሳበት ቀን ተቃርቧል። አሁን ነው ሊለካ የሚገባው፣ አሁን ደግሞ መሣሪያው ዕውር ነው። እዚያ ጥግ ላይ፣ አሁን ቴሌቪዥኑ ያለበት ሥር ተቀምጦ የተክሌን እጅ ያዘው።

“አንተ ዘንድ አለ” አለው።

“ያለው የከብቶቹ ነው።”

“ናይትሮጅን ናይትሮጅን ነው። ትንሽ ቀን ይበቃኛል። ወንድሜ፣ ይሄ ተራራ ደረቅ ከሆነ ዓለም እዚህ ይመጣል።”

እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። በአማርኛ “ተክሌ፣ ተው” አልኩት፤ “የመንግሥት ነው።” እሱ ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ያንን መስመር እያየ ነው። “ሎሪው ሰሞኑን ይደርሳል፤ ያኔ እሞላዋለሁ” አለኝ። አምስት ሳንቲም ሳይቀበል፣ በሞተሩ ላይ አስሮ እስከ ተራራው አደረሰለት፤ በገዛ እጁ ቀዳለት።

ከተራራው ሲመለሱ ሁለቱም ፊታቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ከንፈራቸው ደምቶ፣ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ፕሮፌሰሩ ኪሱን ዳበሰና ሽልንግ አወጣ። አንድ አስቀመጠ። ሁለተኛውን ደረበ። ሦስተኛውን ደረበ። እጁን አነሳ። “ይሄው ነው!” አለ፤ “በላያችን ያለው ውኃ ሁሉ ይሄው ነው! በየዕለቱ ሦስት፣ ሦስት!” ተክሌ ሳንቲሞቹን ለመንካት እንኳ ፈራ። ከዚያ እነዚያን ሦስት ሽልንጎች ማንም እንዳያወጣቸው ብሎ መደርደሪያው ላይ፣ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ አኖራቸው። ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ገበያ ላይ የሚቀበላቸው ከጠፋ ስንት ዘመናቸው።

ሎሪው ግን አልመጣም። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ከመንገድ ቀርቷል። የተክሌ ዕቃ ደረቀ፤ ኮርማዎቹ ሞቱ። የጋልገሎ ቀይ ላም ኮርማ የፈለገችው ልክ በዚያ ሳምንት ነበር። ጋልገሎ ሊወስደው ሲመጣ ተክሌ ባዶ ዕቃ ነው ያሳየው። የቢሮው አለቃ ደግሞ በማግስቱ እዚሁ ሆቴል መጣ፤ ፕሮፌሰሩ ሊሄድ ሲል ቁርስ እየበላ ነበር። አለቃው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። “ተክሌ ለእናንተ ሰጥቼ ነው ይላል፤ ለእናንተ ከሆነ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም። ብቻ እርስዎ በአፍዎ ይበሉልኝ” አለው። ሁላችንም ፕሮፌሰሩን አየን። ቂጣውን ማር እየቀባ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ፣ አፉን ጠረገና “እኛ የራሳችን በቂ ነበረን” አለ።

በዚያች ቅጽበት የሻይ ማንቆርቆሪያውን ራሱ ላይ ያልደፋሁት እንግዳ ስለሆነ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ምነው በደፋሁት! ተክሌ ጓሮ ድረስ ተከትሎት ወጥቶ “ምነው?” አለው። ፕሮፌሰሩ ዓይኑን ሰብሮ ምክንያቱን ነገረው። ናይትሮጅኑ በዝናቡ ሳምንታት ተንኖ ማለቁን ቢናገር፣ ለምን በዝናብ ሄድክ ይሉታል፤ ከከብት ዕቃ ቀድቼ ለካሁ ቢል ባልደረቦቹ ይስቁበታል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ቀናት አይቆጥራቸውም፤ እንዳልተለኩ ይቆጠራሉ። “አንተ አገርህ ነው፤ ይረዱሃል” ብሎት መኪናው ውስጥ ገባ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት እንዲህ ያለው ነው። ሰማይ የሚያክል ነገር ሊለካ መጥቶ አንዲት ቃል ከበደችው።

የሆነው የምታስቡት ነው። ለፈረንጁ ካልሰጠ የት አደረሰው? መልሱ ለሁሉም ሰው ቅርብ ነበር፤ ድንበሩ እዚህ፣ ከደጃችን ነው። “ሐበሻ አይደል፤ ወደ ማዶ አሻግሮ ለዘመዶቹ ሸጦታል።” እዚህ ከተማ ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ ድንበር ተሻገረ ይባላል፤ ድንበሩ ራሱ መናገር ቢችል ስንቱን ሐሜት ይክድ ነበር። ተክሌ በማያውቀው ዘመድ ወንጀለኛ ሆኖ ከሥራ ተባረረ። ሞተሩን ቀሙት። ወደ ሆቴሉ ገብቶ ሻይ ማቅረብ ጀመረ፤ “ዳክታሪ” ብለው የሚጠሩት ሰዎች “ሻይ አምጣ” አሉት። አንድም ቀን አላማረረም፤ የተቆጣሁለት እኔ ነኝ። የእሱን ድርሻ ንዴት ለእኔ ትቶልኛል መሰለኝ።

ከሁሉ የከፋው ጋልገሎ ነው። ድርቁ መጣና ቀይዋ ላም ያለ ጥጃ ሞተች፤ ጋልገሎም በመንገድ ሲያገኘን ፊቱን አዙሮ ያልፍ ጀመር። “ሸጠ” የሚለውን ቃል ሌሎች በሹክሹክታ ሲያወሩት እሱ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ተክሌ ሁለት ጊዜ ኦዳ ድረስ ሄዶ “ውጣና ስማኝ” አለው፤ አልወጣለትም። ባሌ ሲሞትም አልመጣም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ቦረናውም ጉራጌውም መጣ፤ ለቀብር የማይመጣ ሰው በዚህ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የተክሌም ከመቃብሩ በላይ ዋለ፤ ያውም የሌባ ስም ሆኖ።

እንግዲህ ሜሮን “ማንም ለክቶት አያውቅም” ያለችኝ በዚህ ሁሉ ላይ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ሽማግሌዎቹን በእኔው አዳራሽ ሰበሰበች፤ ተራራው የግጦሽ መሬት ስለሆነ ሳይነግሩ አይወጣም። ከኦዳ ከመጡት መካከል ጋልገሎ አለበት፤ አርጅቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። በር አጠገብ ተቀመጠ፤ ሻይ ሲዞር እጁን ነስቶ አሳለፈው። ሜሮን ቴሌቪዥኔ ላይ የጋላክሲ ምስል አወጣች፤ ወርቃማና ሰማያዊ፣ ቤቱ ሁሉ “ኧረ ሲያምር!” አለ። ተክሌ ቢኖር “መስመሩ የታል?” ነበር የሚለው። እሷም ቀጥላ መስመሩን አሳየች፤ ከምስሉ ቀጥሎ የመጣ ተራ ነገር ነውና ሰዉ ወሬ ጀመረ። በምስሉ ውስጥ ያለች አንዲት ደብዛዛ ነጠብጣብ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነች የምትናገረው በመስመሯ ነው፤ ምስሉ ጌጥ ነው። ልጅቷም ወደ መጨረሻው “ይሄ ተራራ በበጋ ተለክቶ ስለማያውቅ” ስትል ተነሳሁ።

“ተለክቷል!” አልኩ። ድምፄ ለራሴም ከበደኝ። “ባሌ ተክሌ የሚፉጎን ናይትሮጅን በእጁ ቀድቶ፣ ዝናቡ እንዳቆመ ተለክቷል። ሦስት ሽልንግ ነው የወጣው። ሦስት! እነሆ ሳንቲሞቹ!” ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ከታሪኩ ምንም አላስቀረሁም፤ ቂጣውንና ማሩን ሳይቀር ነገርኳቸው። ጋልገሎ በምርኩዙ መሬቱን እየጫረ “ድሮ ነበር ይላሉ፤ ተረት ነው” አለ በኦሮምኛ። ሜሮን ደግሞ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በጣም በትሕትና፣ “እማማ፣ ያ ፕሮፌሰር እኔን ያስተማረኝን ሰው ያስተማረ ነው። አምንዎታለሁ፤ ግን በወሬ መጻፍ አልችልም” አለች።

ወሬ! የባሌ ዕድሜ ወሬ፣ የሰውየው ውሸት ደግሞ ሳይንስ። “እንግዲያው ውጪና ለኪ” አልኳት፤ “አሁን ቦና ነው።”

ወጣች። የእሷ መሣሪያ በኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ናይትሮጅን አይለምንም፤ ሰው እንጀራውን አያጣበትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ ሰዎች ሊያጽናኑኝ። እያደር! ስንት ማደር ነው የሚፈልገው? ባሌ እኮ አድሮ አድሮ ነው የሞተው። እሷ እስክትመለስ እንግዳ በተሳፈረና በወረደ ቁጥር ወደ በር እያየሁ፣ ለቤት ሠራተኞቹ ያለ ጥፋታቸው እየተቆጣሁ ከረምኩ። ውስጥ ውስጡን ደግሞ ፈርቼ ነበር፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ነው ብትለኝስ? ያኔ ተክሌ ሁለተኛ ይሞታል፤ በእኔ አንደበት ይሞታል።

ከተራራው የወረደች ዕለት ሽማግሌዎቹን አስጠርታ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደምቷል፤ አፍንጫዋ ተልጧል። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ምንም ሳትናገር ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ “ልንካቸው?” አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስቱን ሽልንጎች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ከቦርሳዋ ማስመሪያ አውጥታ አጠገባቸው አቆመች። ጎንበስ ብላ አየች። እንደገና አየች።

“የእኔ በጣም በትንሹ ነው የሚበልጠው” አለች፤ “የፀጉር ያህል።” ከዚያ ቀና ብላ እኔን ሳይሆን እነሱን አየቻቸው። “አባቶቼ፣ ይሄን ቁጥር በመጽሐፍ የጻፈ የለም። እኔ ራሴ እስከ ትናንት አላውቀውም ነበር። ሳይለካ እማማ ከየት ያውቁታል? ያልቀዘቀዘ መሣሪያ ደግሞ ይሄን ሊያይ አይችልም። ፕሮፌሰሩ የራሱ በቂ ቢኖረው ይሄን ቁጥር ባልደበቀ ነበር፤ የተክሌ ናይትሮጅን ተራራው ላይ ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ፤ በስሙ።”

ጋልገሎ በር አጠገብ ባለው ወንበሩ ላይ ነበር። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያለ እሱ ተነሳ። “ተክሌ ሂን ጉርጉርሬ” አለ። አልሸጠም ማለት ነው። ለማን እንደተናገረ አላውቅም፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ከዚያ ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንዲሰሙ ጮክ ብሎ በአማርኛ ደገመው፦ “አልሸጠም። እኔ ነኝ ሸጠ ያልኩት። ሁለት ጊዜ ደጄ መጣ፤ አልወጣሁለትም።” ወደ እኔ ዞረ። “ፖሌ፣ ማማ የሺ። ፖሌ ሳና።”

ይቅርታ መሆኑ ነው። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል፤ ሜሮን ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ጉንጩን ሳሚው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ የሚሉኝ ይመስላሉ። እኔ ግን ሰውነቴ በሙሉ እሳት ነበር። አሁን! አሁን ማን ሊሰማህ? ባሌ ሻይ እያመላለሰ ደጅ ደጁን ሲያይ፣ አንተን ሲጠብቅ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ይሄን ሁሉ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ምርኩዙን ትቶ፣ በባዶ እጁ እንደቆመ ነው።

“ቁጭ በል” አልኩት። ተክሌ ይጠጣበት በነበረው ብርጭቆ ሻይ ሞልቼ አቀረብኩለት። ስኳር ግን አላደረግሁበትም። ጋልገሎ ቀመሰው፤ ወደ እኔ ቀና አለ፤ ስኳሩን አልጠየቀኝም። ጭልጥ አድርጎ ጨረሰና ብርጭቆውን ከሦስቱ ሽልንጎች አጠገብ አስቀመጠው።